ከላይ ለፖስታ ቤቱ፣ ከውስጥ ለመልአኩ

በሕይወቴ ብዙ ነገር ጽፌያለሁ፤ ቃለ ጉባኤ፣ የፈተና ወረቀት፣ ማንም የማያነበው የስብሰባ ሪፖርት። ከሁሉም የምኮራው ግን መዳፍ በማታክል ወረቀት ላይ ባተምኩት አድራሻ ነው። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። እነሱ የጻፉት የት እንደደረሰ አላውቅም፤ የእኔ ግን ምሥራቅ ጦር ግንባር ድረስ ሄዶ መልስ ይዞ መጥቷል።

ጊዜው ደርግ ነው፤ ከየገበሬ ማኅበሩ የተመለመለው ሚሊሺያ ወደ ምሥራቅ የዘመተበት ወቅት። እኔ ደሴ ታይፕ ተምሬ ላሊበላ ትምህርት ቤት በጸሐፊነት ከተቀጠርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ዕድሜዬ ሃያ ሦስት፣ ጣቶቼ ፈጣን፣ ምላሴ ከጣቶቼ የባሰ። ቢሮዬ ውስጥ አንድ የአማርኛ ታይፕና አንድ በእጅ የሚሽከረከር ማባዣ ነበረኝ። ማባዣው ግን እጀታ አልነበረውም። በየከተማው በድብቅ የሚበተነው የተቃዋሚዎች ወረቀት መንግሥትን አስበርግጎት ስለነበር፣ የአውራጃው ካድሬ እጀታውን ነቅሎ ወስዶ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ቆልፎበታል። ፈተና ሲደርስ ማመልከቻ ጽፌ እጀታውን እዋሳለሁ፤ አባዝቼ ስጨርስ ጽሑፉ የተቆረጠበትን የሰም ወረቀት፣ ስቴንስሉን፣ ካድሬው ፊት አቃጥዬ እጀታውን እመልሳለሁ። እንደ ልጅ ነበር የምንጠበቀው።

በጥቅምት አንድ ጠዋት ከአሸተን ማርያም ሥር ካለ መንደር የወረዱ አንዲት እናት ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ። ከነጠላቸው ሥር በአቡጀዲ የተሰፋ ጥቅል አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

"የኔ ልጅ፣ እዚህ ላይ የተመታው ማኅተም ምን እንደሚል ታነቢልኝ ብዬ ነው" አሉኝ።

"ተቀባዩ አልታወቀም ይላል።"

"ሞቷል አይልም?"

"አይልም እናቴ።"

"አልታወቀም ማለት ሞተ ማለት ነው ይለኛል የባሌ ወንድም።"

ቁጭ በሉ አልኳቸውና ነገሩን ሰማሁት። አንድ ልጃቸው ዘምቷል። በደረሰ ሰሞን አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ዳቦ ቆሎና በሶ ቢልኩለት ተመለሰ። ደግመው ላኩ፤ ተመለሰ። ይሄ ሦስተኛው ነው። በዚያን ጊዜ በእኛ አገር የላኩት ስንቅ ተመልሶ የመጣበት ቤት እንደ ለቅሶ ቤት ይታይ ነበር፤ ጎረቤት ገና ሳይነገረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይገባል። የባላቸው ወንድም ክፉ ሰው አልነበረም። የወንድሙ ልጅ ፍትሐት ሳይደረስለት ቀረ ብሎ የሚጨነቅ ሰው ነው። "እርምሽን አውጪ፤ ከዓቢይ ጾም በፊት ተዝካሩን እናውጣ" ብሎ ቀን ቆርጦላቸዋል።

"ወሬ ሳልሰማ ልጄን አላለቅሰውም" አሉኝ። "አልቅሼው ቢመጣስ? በምን ዓይኔ አየዋለሁ?"

ጥቅሉን ወደ መስኮቱ አቀረብኩት። አድራሻው እንደ ዳዊት በሚያምር ቁም ጽሕፈት ተጽፏል፤ በጥቁር ቀለም ሆኖ የመልአክ ስም ያለበት ላይ ሲደርስ ቀይ ይሆናል። ልጁ የላከው ደብዳቤ የት እንዳለ ጠየቅኳቸው። ከመቀነታቸው ፈትተው አወጡት። የፖስታ ሣጥኑ ቁጥር ያው ነው። ስሙ ግን ሌላ ነው።

"ይሄ የማን ስም ነው?" አልኳቸው ደብዳቤውን አንብቤ።

"የልጄ ነዋ።"

"ጥቅሉ ላይ ያለውስ?"

"እሱም የልጄ። አንዱ ሰው የሚጠራበት፣ አንዱ ክርስትና የተነሣበት።"

ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያው አፈርኩ። ጥቅሉን የጻፉላቸው የነፍስ አባታቸው ናቸው። የነፍስ አባት ደግሞ ልጁን ሲያቆርቡትም ሲናዝዙትም የሚጠሩት በክርስትና ስሙ ነው፤ ሌላውን ስም ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። እዚያ በረሃ ላይ ስም ዝርዝር ይዞ የሚጠራ አሥር አለቃ ግን ይህን ስም ከየት ያውቀዋል? ልጁ አጠገቡ ቆሞ እንኳ ቢሆን ጥቅሉ ይመለስ ነበር።

በዚያው ዕለት አባን ፍለጋ ወጣሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው ተቆጡ።

"በዚያ ጥይት በሚዘንብበት አገር በዓለም ስሙ ልላከው?" አሉኝ። "መልአኩ የሚጠብቀው በክርስትና ስሙ ነው። ጸሎት በምን ይድረሰው?"

"ጸሎቱስ ይድረስ አባ። ያልደረሰው ዳቦ ቆሎው ነው።"

እንዲህ አድርገው በጠቅላላው ለስንት ቤት እንደጻፉ ጠየቅኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩ፤ ከአሸተኗ እናት ጋር ዘጠኝ ቤት። ዘጠኙም ተመልሶባቸዋል። ዘጠኝ እናት፣ ዘጠኝ ዝቅ ያለ ድምፅ። ከአባ ዘንድ ስመለስ ንዴትና ደስታ አንድ ላይ ይዞኝ እሮጥ ነበር፤ ምክንያቱም ነገሩ በእኔ እጅ የሚድን ነበር።

አድራሻውን በእጅ ጽፎ መስጠት ይቻል ነበር። ግን የእስክሪብቶ ቀለም አንድ ዝናብ ካገኘው አቡጀዲው ላይ ይፈስሳል። ደግሞም እነዚህ ሴቶች በየወሩ ጸሐፊ ሊለምኑ ነው፤ በየወሩም ጸሐፊው የመሰለውን ስም ሊጽፍባቸው ነው። የማባዣ ቀለም ዘይት አለው፤ ውኃ አይደፍረውም። አንድ ጊዜ ከታተመ ደግሞ ያው ነው፤ ማንም አያሻሽለውም። ካድሬው ዘንድ ሄድኩ።

"ጓዲት፣ ይህ የጦር ምስጢር ነው" አለኝ። "የዘጠኝ ወታደር ስም ከነአድራሻው በማባዣ? ጠላት እጅ ቢገባስ?"

"ጓድ፣ ይኸው አድራሻ በአቡጀዲ ተጽፎ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሲዞር ነው የከረመው።"

"አይቻልም ብያለሁ።"

"እንግዲያው ለግንባር የሚሄደው ስንቅ አድራሻ አይታተምለት ብለው በጽሑፍ ይስጡኝና ፋይል ላድርገው።"

በዚያ ዘመን መከልከል የሚወድ ብዙ ነበር፤ በክልከላው ላይ የሚፈርም ግን አይገኝም። መሳቢያውን ከፈተና እጀታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"አሥራ ሁለት ወረቀት" አለ። "አሥራ ሦስተኛ ብትጨምሪ እስር ቤት ነሽ።"

ልጆቹ የላኩትን ደብዳቤ ከየቤቱ ሰብስቤ ትክክለኛ ስማቸውን ያዝኩ። ስቴንስል የነበረኝ አንድ ነው፤ ቢበላሽ ምትክ የለውም። ቀለም የነከረውን ሪባን አውርጄ ፊደሉ ሰሙን በባዶው እንዲቆርጠው እያደረግኩ፣ በአንድ ገጽ ዘጠኝ አድራሻ ደረደርኩ። ታይፕ የነካ ያውቃል፤ ክብ ፊደል በኃይል ከተመታ ስቴንስሉን በስቶ ክቡ ወልቆ ይወድቃል፣ ሲታተም ጥቁር ጠብታ ይሆናል። አንዱን ሳልጥል ዘጠኙን ጨረስኩ። ከእያንዳንዱ አድራሻ ሥር የነጥብ መስመር አሰመርኩና "ደርሶኛል" ብዬ የፊርማ ቦታ ተውኩ፤ ቀደህ በፖስታ መልሰህ ላክ ብዬ የትምህርት ቤቱን አድራሻ ጨመርኩ። ይህ የራሴ ፈጠራ ነው፤ ማንም አላስተማረኝም። እጀታውን ገጥሜ ሳሽከረክር የመጀመሪያው ወረቀት ንጹሕ ሆኖ ወጣ። አሥራ ሁለት ጊዜ አዞርኩ። ዘጠኝ እናቶች እያንዳንዳቸው የልጃቸው ስም የታተመበት አሥራ ሁለት ወረቀት ደረሳቸው።

በወረቀቶቹ ላይ ማንም አንዲት ፊደል እንዳይጨምር ብዬ ሕግ አወጣሁ። በጣም ኮራሁ። ኩራቴ የቆየው እስከ ማግስቱ ጠዋት ነው። ወረቀቶቹን በዱቄት ሙጫ አጣብቄ ጥቅሎቹን ፖስታ ቤት አስረክቤ ነበር፤ አይጥ ሙጫውን ሲበላ አድራሻውን አብሮ በልቶታል። ዘጠኙንም። ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። የአሸተኗ እናት ግን የተበላውን ጥቅል አገላብጠው አዩና "ታዲያ በመርፌ አንሰፋውም?" አሉ። ከማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ የሚወጣውን ጽሑፍ የሚያሳይ ስስ ላስቲክ ቆርጠው ወረቀቱን ከሥሩ አድርገው ዙሪያውን ሰፉት። ሌሎቹም አይተው ሰፉ። እኔ ይህን ሁሉ ታይፕ ስማር መርፌ የሚባል ነገር ትዝ አላለኝም።

የተበሉት ጥቅሎች ዳግም ተሰፍተው ሊዘጉ ሲሉ የአሸተኗ እናት እጃቸው ጥቅሉን አልለቅ አለ። የክርስትና ስሙ የሌለበትን ነገር መላክ ፈሩ። ያን ጊዜ አንድ ጥግ ቆመው ሲያዩ የነበሩት አባ ጠጋ ብለው ከእጅጌያቸው ቁራጭ ብራና አወጡ። በዚያው በሚያምር ጽሕፈት፣ በጥቁርና በቀይ፣ ስሙ ተጽፎበታል። "ከላይ ለፖስታ ቤቱ፣ ከውስጥ ለመልአኩ" አሉና በሶው መሃል ሸጎጡት። ለዘጠኙም ጽፈው መጥተው ነበር። ዘጠኙ ጥቅል በኩልመስክ አድርጎ ወልድያ በሚወርድ የጭነት መኪና ሄደ። ካድሬው ፊት ስቴንስሉን አቃጥዬ እጀታውን መለስኩ።

ኅዳር አለፈ። ታኅሣሥ አለፈ። ጥምቀት ሲደርስ ምንም የለም። የተመለሰም የለም፣ የመለሰም የለም። ጾሙ ሲቃረብ የባላቸው ወንድም ቀጠሮውን አላጠፈም፤ ብቅል በቀለ፣ ጌሾ ተወቀጠ፣ ጠላ ተጠመቀ። ቅዳሜ ለቅሶ ሊቀመጡ፣ እሑድ ተዝካሩ ሊበላ። እኔ ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። እኚህን ሴት እንዲጠብቁ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ፤ ልጁ ሞቶ ከሆነ በወረቀት ቁራጭ ያሞኘኋቸው እኔ ነኝ።

ዓርብ ዕለት የጭነት መኪናው መጣ። በትምህርት ቤቱ አድራሻ አንድ ፖስታ ነበር። ቀደድኩት፤ ውስጡ በነጥብ መስመሩ ላይ የተቀደደ የእኔ ወረቀት አለ። ቢሮውን ሳልቆልፍ በከተማ ጫማዬ የአሸተንን ዳገት ተያያዝኩት። ጫማዬ መሃል መንገድ ላይ ተገነጠለ፤ በእጄ ያዝኩት።

ግቢው ስደርስ ዳስ እየተጣለ ነው። የባላቸው ወንድም ምሰሶ ላይ ወጥቶ ቅጠል ያስራል፤ አባ ከጥላው ሥር ተቀምጠዋል፤ እናትየው ጥቁር ነጠላ ለብሰዋል። ወረቀቱን አሳየሁ።

"ደርሶኛል ብሎ ፈርሟል" አልኩ ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

የባላቸው ወንድም ከላይ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። "ፊርማ ማንም ይፈርማል። ጓደኛው ተቀብሎ በልቶት ይሆናል። አታድክሚን ልጄ።"

እናትየው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። "ሌላ ነገር አለበት፤ ከፊርማው ሥር በእጁ ጽፏል" አልኩና አነበብኩ። "እማዬ ደህና ነኝ። ሦስት ደብዳቤ ልኬ ነበር። ዳቦ ቆሎው ጨው በዝቶበታል።"

እናትየው መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተቀየረ፣ ልቅሶው ወደ እልልታ። "እሱ ነው" አሉ። "ጥርስ ካበቀለ ጀምሮ ጨው በዛ ሲለኝ ነው የኖረው። በዓለም ላይ ሌላ የሚለኝ የለም።" የባላቸው ወንድም ከምሰሶው ወርዶ ከሥሩ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እሱም ያውቀው ነበር ያን ነገር። ጥቁሩን ነጠላ የገፈፈላቸው እሱ ነው።

ዳሱ አልፈረሰም። ለተዝካር የተጠመቀውን ጠላ ለደስታ ጠጣነው፤ ሊታረድ የነበረውም እሑድ ታርዶ ተበላ። ከዘጠኙ የሰባቱ መልስ እስከ ፋሲካ ተራ በተራ ገባ፤ ሁለቱ አልመጡም፤ የእነሱን እናቶች አልረሳም። ሦስቱ ደብዳቤዎች የት እንደቀሩ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። አባ ጠላቸውን ይዘው "ያደረሰው የውስጡ ጽሑፍ ነው" አሉኝ። እኔ የማባዣው ቀለም ነው አልኩ። በዚህ ጉዳይ ሳንስማማ ነው የተለያየነው።

ሰኞ ጠዋት የአሸተኗ እናት ነጭ ለብሰው አዲስ ጥቅል ይዘው መጡ። አሥር ወረቀት ቀርቷቸዋል፤ አንዱን ከላስቲኩ ጋር አዘጋጅተዋል። ገና ሳይሰፉት ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አደረጉት።

"እዚህ ጥግ ላይ አንዲት ነገር ጻፊልኝ።"

"በታተመው ላይ አይጨመርም ተባብለን አልነበር?" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ጨው ቀንሻለሁ በይልኝ።"

የአስተማሪዎቹን ቀይ እስክሪብቶ አንሥቼ፣ ከልጃቸው ስም አጠገብ፣ የምችለውን ያህል አሳምሬ ጻፍኩት።