የአባቴ ጉልበትና የስቅለት ስግደት

ሐሙስ ከሰዓት ከንፋስ መውጫ በባጃጅ መንደራችን ደርሼ አባቴን ልስም ጎንበስ ስል፣ በመዳፉ ደረቴን ገፋ አደረገኝ።

«ከተማ ገብተህ ረሳኸው? በሕማማት የሚስም ይሁዳ ነው።»

ሁለት ቀን ሙሉ በመኪና ተንገላትቼ ያገኘሁት ሰላምታ ይኸው ነው።

ጋዜጠኛ ነኝ፤ አለቃዬ ስቅለት ለምእመናን ስላለው ትርጉም ጽሑፍ እንዳዘጋጅ አዞኛል። እኔን ያስመጣኝ ግን የአባቴ ጉልበት ነው። ባለፈው ክረምት አዳልጦት ወድቆ የጉልበቱ ሎሚ ተሰብሮ ነበር። ሐኪሙ እንዳይንበረከክ፣ ዳግመኛ ከተጎዳ ቆሞ መሄዱ እንደሚያጠራጥር በጽሑፍ ሰጥቶናል። ወረቀቱን በኪሴ ይዤ ነው የመጣሁት።

«ግድ የለህም፣ ቆሜ ራሴን ዝቅ አደርጋለሁ። አድንኖም ስግደት ነው» ብሎ ቃል ሰጠኝ። ስንት ባለሥልጣን ጠይቄ ቃሉን ሳላጣራ ያላለፍሁ ሰው፣ የአባቴን ቃል እንዳለ ተቀበልሁ።

ዓርብ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጥሁትና ፊደል ያስቆጠሩኝን የደብሩን ካህን ፈልጌ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ክንዳቸውን ዘርግተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ሐኪሙ ልክ ነው። እኔም ይቀመጡ ብያቸዋለሁ።»

«ታዲያ ያስቁሟቸው እንጂ፣ የኔታ!»

«እስቲ ዞር ብለህ እያቸው።»

ዞር ስል ድንጋዩ ባዶ ነው። አባቴ ግንባሩን መሬት አስነክቶ በአንድ እጁ ምርኩዙን እየጎተተ ሊነሣ ይታገላል። ሮጬ ክንዱን ያዝሁት።

«አባባ፣ ቃል ሰጥተውኛል እኮ!»

«የሰጠሁህ ትናንት ነው። ትናንት ሐሙስ ነበር።»

«ኧረ ልጄ፣ ወይ ስገድ ወይ ዞር በል፤ ቦታ ይዘህብናል» አሉ ከኋላዬ አንዲት እናት።

ትዕግሥቴ አለቀ። «እስቲ ይንገሩኝ፣ ጉልበትዎን እስኪሰጡ ድረስ ይህ ቀን ለእርስዎ ምንድን ነው?»

ላቡን በነጠላው ጫፍ ጠረገ። «እሱ ስለ እኔ መቆም እስኪያቅተው ተንገላታ። እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ልየው?»

ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁት። አለቃዬ የላከኝ ይህን ለመሰለ መልስ ነው። እንደ ልጁ ሳየው ግን ገጹን ብቀድደው ደስ ባለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉልበቱ አብጦ ሱሪውን ወጥሮት ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሌላው ሰው መስገዱን አላቆመም።

ጸሎቱ ሲያበቃ ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ቆሙ። በዚያች ሰዓት ምእመኑ ጥፋቱን ይናገራል፤ ካህኑም ጀርባውን በቅጠሉ መታ መታ እያደረጉ ስንት እንደሚሰግድ ያዝዙታል። አባቴ በእኔ ክንድ ተደግፎ የኔታ ፊት ቀረበ።

«አባቴ፣ ልጄን ዋሸሁት» አለ።

የኔታ በቅጠሉ ቸብ ቸብ አደረጉት። «አርባ አንድ። የሚሰግደው ግን ልጅዎ ነው።»

«የተዋሸሁት እኮ እኔ ነኝ፣ የኔታ!»

«አውቃለሁ። ወይስ እሳቸው ይስገዱት?»

አባቴ የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ወዶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። እኔ ጫማዬን አውልቄ ጀመርሁ። ቁጥር አለመሳት ሥራዬ ነውና በልቤ እቆጥራለሁ፤ እሱም ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ሃያ ስድስት ላይ ደርሼ ቀና ስል፦

«ሃያ ሁለት» አለ።

«ሃያ ስድስት ነው፣ አባባ!»

«አራቱን ጊዜ ግንባርህ መሬት አልነካም። አይቆጠሩም።»

ወገቤ ሊቆረጥ ደርሷል፣ አፈር አፌ ገብቷል፣ ቁጥሩም ሃያ ስድስት ነበር። ልከራከረው አፌን ከፈትሁና አየሁት። ያበጠውን እግሩን ዘርግቶ፣ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ግንባሬን እየተከታተለ ተቀምጧል።

ከሃያ ሁለት ቀጠልሁ።