ትኩሳት የሌላቸው ሴት

ባሕር ዳር የተመደብሁት ከሕክምና ትምህርት ቤት በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። የዎርዴ መስኮቶች ወደ ጣና ስለሚከፈቱ ጠዋት በሽተኛ ስዞር ታንኳዎች ማገዶ ጭነው ሲመጡ አያለሁ። ጊዜው የጦርነት ነበር። ከመጋዘን የሚወጣው መድኃኒት ቅድሚያ ለቁስለኛ፣ ቀጥሎ ለ«አምራች ኃይል» ይሰጣል። አሮጊትና ሽማግሌ ከየትኛው እንደሚመደቡ መመሪያው አይናገርም፤ እኛ ግን እናውቀው ነበር።

አንድ ማክሰኞ አንዲት ሴት እናቷን ከወረታ በአውቶቡስ ይዛ መጣች። እናትየዋ ሰባውን ያለፉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም፤ ልጃቸውን በሞተች እህታቸው ስም መጥራት ጀምረዋል። መጀመሪያ በሽተኛ የሚያየው የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ ሙቀታቸውን ለካና ካርዱ ላይ «እርጅና» ብሎ ጽፎ መለሳቸው። በግቢው ሳልፍ ልጅቱ እናቷን ደግፋ ዛፍ ሥር ተቀምጣለች።

«ምን አሏችሁ?» አልኋት።

«ትኩሳት የላቸውም፣ ዕድሜ ነው አሉን። እናቴ እኮ ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ቆመው ሲሸጡ ነበር። ዕድሜ በሦስት ቀን ይመጣል?»

ተንበርክኬ የአሮጊቷን ትንፋሽ ቆጠርሁ። ሲሮጥ እንደቆየ ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። ጀርባቸውን ሳዳምጥ ቀኝ ሳንባቸው ከግርጌው ይንኮሻኮሻል፤ የሳንባ ምች ነው። አስተኛኋቸውና ፔኒሲሊን አዘዝሁ።

መድኃኒቱ ሳይወጣ የሆስፒታሉ ካድሬ ቢሮው አስጠራኝ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ሲናገር ድምፁን አያነሳም።

«ጓድ ዶክተር፣ ትኩሳት ለሌላቸው አሮጊት ይህን ያህል ፔኒሲሊን?»

«ትኩሳት ሰውነት በሽታን ሲዋጋ የሚያመጣው ነው። በእሳቸው ዕድሜ ውጊያው ይዘገያል፤ በሽታው ግን አይዘገይም።»

«መጽሐፍ ላይ አለ?»

«ሁለት መስመር አለ። ዎርዴ ውስጥ ግን በየሳምንቱ አየዋለሁ።»

«ቢሞቱ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።»

«ሳልሰጣቸው ቢሞቱስ ማን ይጠየቃል?»

የፔኒሲሊኑን ማዘዣ ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ወጣሁ። በዚያ ዘመን ለካድሬ እንዲህ የመለሰ ሰው ምን እንደሚገጥመው አላጣሁትም። መፍራቴ ራሱ አናደደኝ። መጋዘኑ መስኮት ላይ ሄጄ ቆምሁ፤ ሠራተኛው ወረቀቱንም እኔንም ደጋግሞ አየና ብልቃጦቹን ሰጠኝ።

በአራተኛው ቀን ዎርድ ስገባ አሮጊቷ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ።

«ጫማዬን ማን ወሰደው?» አሉ በቁጣ።

ልጃቸው አልሐምዱሊላህ ብላ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

በሳምንቱ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ተጠራ። ጥፋቴ ተነበበ፤ የመድኃኒት ብክነትና ግለኝነት። እንደ ደንቡ ተነሥቼ ስህተቴን መቀበል ነበረብኝ። ተነሣሁ።

«ግለሂስ የለኝም» አልሁ። «ነገም እንዲህ ያሉ ሴት ቢመጡ እሰጣለሁ።»

ከኋላ ወንበር ድሬሰሩ ተነሣ። ፀጉሩ የሸበተ፣ በስብሰባ አንድ ቃል ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው።

«እርጅና ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ» አለ። «ስንት ዓመት ስሠራ ስንቱን እንዲህ ብዬ እንደመለስሁ አላውቅም። ቃለ ጉባኤ ከተያዘ ይህም ይያዝ።» ብሎ ተቀመጠ። ጸሐፊው ካድሬውን አየ፤ ካድሬው ጠረጴዛውን አየ።

በወሩ ወደ ገጠር፣ ወደ አንበሳሜ ጤና ጣቢያ ተዛወርሁ። በደብዳቤው ዝውውር ተባለ እንጂ ቅጣት ነው። እዚያ ራጅ የለም፣ ላቦራቶሪ የለም። እኔም ያረጀ ሰው በመጣ ቁጥር ትንፋሹን መቁጠር፣ መቼ እህል እንደቀመሰ፣ ልጆቹን ይለይ እንደሆነ መጠየቅ ያዝሁ። ያየሁትን ሁሉ በአሮጌ ቅጾች ጀርባ ጻፍሁ። ያረጀ ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚዋጋ ማጥናት የዕድሜ ልክ ሥራዬ የሆነው በዚያ ነው። ሊቀጡኝ ብለው ሥራዬን ሰጡኝ። ድሬሰሩም ባሕር ዳር ትንፋሽ መቁጠር እንደጀመረ ከሚመጡ ሰዎች ሰማሁ።

አንድ የገበያ ቀን አንበሳሜ ላይ ከወረታ ጨርቅ ሊሸጡ የመጡትን እኒያን ሴት አገኘኋቸው። ከጨርቃቸው መሀል ቀጥ ብለው ቆመው ከአንድ ገዢ ጋር ይከራከራሉ። ሲያዩኝ ገዢውን ተዉት።

«ከባሕር ዳር ያባረሩሽ በእኔ ነው አሉ፤ እውነት ነው?»

«በእርስዎ አይደለም እናቴ፤ እንቢ ስላልሁ ነው።»

«ይቆጭሻል?»

«አይቆጨኝም» አልኋቸው።

«እንዲያ ነው» አሉና ወደ ክርክራቸው ተመለሱ።