ወንጭፉ ነው ያልነው

በቆቦ ሜዳ ማሽላው እሸት ሲሆን የሰው ክንድ እረፍት የለውም። ማማ ላይ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ወፍ በወንጭፍ ሲያባርር የዋለ ሰው ማታ እጁ ደንዝዞ ቢገባ ማንም በሽታ አይለውም። የእኔም እጅ ልብስ ሳጥብ ስውል፣ ክንዴን ተንተርሼ ሳድር ይደነዝዛል፤ ሳራግፈው ይለቀኛል። ስለዚህ ስለ እጅ መደንዘዝ አዋቂ ነኝ ባይ ነበርኩ።

ያን ቀን ጠዋት ለአባቴ ቁርስ ይዤለት ወደ ማማው ሄድኩ። ገና ሦስት ድንጋይ ነበር የወረወረው። አራተኛውን ሊወረውር ሲል ወንጭፉ ከቀኝ እጁ አምልጦ ወደቀ። እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ትክ ብሎ አየው።

«ደነዘዘኝ ልጄ» አለኝ። «ያው ወንጭፉ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ይለቀኛል።»

ሦስት ድንጋይ ክንድ አያደነዝዝም። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን ደግፌ ከማማው አወረድኩት፤ ቤት አስገባሁትና እጁን በቅቤ አሸው ጀመር። ውሃ ስሰጠው በከንፈሩ አንድ ጎን ፈሰሰ። አየሁት፤ ፈራሁም። ግን ፍርሃቴን ዋጥ አድርጌ ወጌሻ አስጠራሁ።

ወጌሻው የመጣው ከቀትር በኋላ ነው። እጁን ያዝ አደረገና ፊቱን ቀና ብሎ አየ።

«ይኼ የኔ ሥራ አይደለም። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው!»

በባጃጅ ቆቦ ከተማ ሐኪም ቤት ስንደርስ የአባቴ አንደበት ተሳስሯል።

«ስንት ሰዓት ላይ ጀመረው?» አለኝ ሐኪሙ።

አባቴን አየሁት። ስንት ሰዓት ሙሉ ቤት እንዳስቀመጥኩት የሚያውቀው እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ መናገር አይችልም። አሁን ነው ብል ማን ያጋልጠኛል? እንዲህ ማሰቤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት» አልኩ። ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር።

ሐኪሙ መጻፉን አቆመ። «ተኝተውበት የደነዘዘ እጅ ወዲያው ይለቃል። እየተመላለሰ የሚደነዝዝ ከሆነም ስኳር ወይም ነርቭ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። በድንገት ከደነዘዘ፣ ወይ ፊት ከተጣመመ፣ ወይ ንግግር ከተያዘ ግን ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ቢለቀው እንኳ በዚያው ደቂቃ ነው ሐኪም ቤት የሚመጣው፤ ሰዓት ባለፈ ቁጥር አንጎል ይጎዳል» አለኝ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ በሕይወት አለ። ሲያየኝ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ስሜን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጠርቶት አያውቅም።