ሆዴን ያቀላል የተባለው ሻይ

ቡታጅራ ለማስተማር ከመጣሁ ወዲህ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ክፍል መግባት ጀምሮ ነበር። ይህን ያየች እህቴ ከአዲስ አበባ ኮምቡቻ የሚሉትን የተብላላ ሻይ በትልቅ ጠርሙስ ላከችልኝ። ሆድ ያቀላል፣ ያከሳል አለች። ላዩ ላይ እንደ ወፍራም ቂጣ የሆነ ነጭ፣ የሚያሙለጨልጭ ነገር ተንሳፏል። ሻዩን የሚያብላላው እሱ ስለሆነ እንዳልጥለው አስጠነቀቀችኝ።

አንድ ሳምንት አፍንጫዬን ይዤ ጠጣሁት። በስምንተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠርሙሱ ታጥቦ ደጃፌ ላይ ተደፍቷል። አከራዬ እትዬ ዘሀራ የእጃቸውን አፈር እያራገፉ ከእንሰቱ መሀል ብቅ አሉ።

«እትዬ፣ ውስጡ የነበረውስ?» አልኳቸው።

«ወላሂ አሳዘንከኝ፣ መምህር። ቆጮ ሳይደርስ ከጉድጓድ ይወጣል? ከወጣስ በኋላ ሻይ ውስጥ ይነከራል?»

እጄን ይዘው ቆጯቸውን ወደሚቀብሩበት ጉድጓድ ወሰዱኝ። የእኔንም በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ከጎኑ ቀብረውት፣ ድንጋይ ጭነውበታል።

«ሁለት ወር ታገሥ» አሉኝ። «ሲደርስ እኔው ጋግሬ ቅቤ በጠገበ ክትፎ አበላሃለሁ። አሁን ግን ግባና ምሳ ብላ። በአንድ ሳምንት እንዲህ ከስተህ፣ ሰው ምን ይለኛል?»