ቆጣሪው የመሰከረበት እሑድ

ያን ዘመን ሶዶ ውስጥ ያልተገመገመ የመንግሥት ሠራተኛ አልነበረም። ባለቤቴ የቢሮ ሠራተኛ ስለነበር ሳምንቱን ሲገመግምና ሲገመገም ይሰነብትና፣ እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ ተራው የእኛ ይሆናል። ሰብሳቢው እሱ ነው፤ ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ። ተሰብሳቢዋ ደግሞ ከቦምቤ መጥታ እኛ ጋ ሆና አሥረኛ ክፍል የምትማረው ታናሽ እህቱ ናት።

የዚያ እሑድ አጀንዳ የመብራት ሂሳብ ነበር። ሂሳቡ ከመስከረም ወዲህ ወር በገባ ቁጥር እየጨመረ መጥቷል። ባለቤቴ አሰበ አሰበና፣ ከመስከረም ወዲህ ቤታችን የገባ አዲስ ነገር እህቱ ብቻ መሆኗን ደረሰበት። ማታ ማታ አምፖል አብርታ ታጠናለች። ስለዚህ ውሳኔው አጭር ነበር፤ ከእንግዲህ በቀን ብርሃን ታጥና፣ አይሆንልኝም ካለች ቦምቤ ትመለስ። ለፈተናው ሦስት ወር እንኳ አልቀረም። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ መሬት መሬት ታያለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ከመስከረም ወዲህ የገባ ሌላም አዲስ ነገር ነበር፤ አልጋ ሥር፣ በጆንያ ተጠቅልሎ። ገበያ ወጥቼ የገዛሁት የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ ሸክላ ላይ ሽቦ የተጠመጠመበት። ባለቤቴ እንዲህ ያለ ዕቃ ቤት ያቃጥላል ብሎ ከልክሎኝ ነበር። ታዲያ እኔ አስተማሪ፣ እሷ ተማሪ፣ ሁለታችንም የከሰዓት ፈረቃ ነበርን፤ እሱ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ምድጃው ከአልጋ ሥር ይወጣል። እናቷ ከቦምቤ በኬሻ የምትልክልንን ቦይና፣ ሌላው ሰው ጎደሬ የሚለውን፣ በከሰል መቀቀል ልብ ያደርቃል። በምድጃዬ ግን ጥጄው ልብስ አጥባለሁ። ባለቤቴ ለምሳ ሊመጣ ሲል ከጎረቤት አመድ ለምኜ የከሰል ማንደጃው ላይ እበትናለሁ። እሳት የሚለምን ሰው አይቼ አውቃለሁ፣ አመድ የሚለምን ግን ከእኔ በቀር አላየሁም።

እንግዲህ እውነቱን እንዳልናገር ፈራሁ፣ ዝም እንዳልል የልጅቷ ፊት አላስቀምጥ አለኝ። ስለዚህ ተንኮል አሰብኩ። እኛ ከምንፈርድ ቆጣሪው ራሱ ይመስክር አልኩ። ምስክር ሲባል ሰብሳቢው ደስ አለው።

ቆጣሪው ውጭ ግድግዳው ላይ ነው። ባለቤቴ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ይዞ ፊት ለፊቱ ቆመ፣ ልጅቷ በሩ ላይ፣ እኔ ውስጥ። ሁሉንም ሳጠፋፋ መስታወቱ ውስጥ የምትዞረው ክብ ቆርቆሮ ቀጥ አለች። የልጅቷን አምፖል አበራሁ። ቆርቆሮዋ እንደ ጠገበ በሬ እየተጎተተች አንዴ ዞራ እስክትመለስ ባለቤቴ ሁለቴ አዛጋ። ሬዲዮኑን ጨመርኩ፤ ያው ነው። ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት ሱሪና ሸሚዙን፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ካልሲውን ሳይቀር የሚተኩስበትን ካውያ ሰካሁ። ቆርቆሮዋ ጥድፊያ ጀመረች፤ ዙሩን ስትጨርስ እሱ ገና ሰዓቱን እያየ ነበር።

ባለቤቴ ሞኝ አይደለም። የሚበላን የሚያበራው ሳይሆን የሚያሞቀው ነው አለ። ይህን ሲል እኔ ውስጥ ሆኜ የአልጋ ልብሱን ጫፍ ወደ ታች ሳብኩ። ወደ እህቱ ዞረና ጠየቃት።

«ሌላ የሚያሞቅ ነገር አለ?»

ልጅቷ እኔን አየች፣ አልጋውን አየች።

«የለም ጋሼ።»

ሰብሳቢው እዚያው ግለሂሱን አወረደ። አምፖሉ ይበራል፤ ካውያው በሳምንት አንዴ፣ ልብሱ ሁሉ ተጠራቅሞ ብቻ ይሰካል።

ማጀት ስንገባ ለምን እንዳላጋለጠችኝ ጠየቅኳት። ለአንቺ ብዬ መሰለሽ ወይ ብላ ሳቀችብኝ፤ ቦይናው በከሰል ከሆነ ምሳ ሳትበላ ትምህርት ቤት መሄዷ ነው። አብሬያት ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ግን አፈርኩ። ምድጃው እስካለ የሚቀጥለው ሂሳብም አይወርድም፤ ካውያው ተቀጥቷል፣ እንደገና ጥፋተኛ ሲፈለግ የምትገኘው እሷው ናት። ይህን እሷም ታውቃለች፤ አውቃ ነው የለም ያለችው።

በማግሥቱ ባለቤቴ ባልተተኮሰ ሱሪ ቢሮ አርፍዶ ለምሳ መጣ። ምድጃውን ከጆንያው አውጥቼ ከቦይናው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ሱሪውን ቁልቁል አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«ቦምቤ ትመለስ ስል አንቺ የት ነበርሽ?»

«አጠገብህ» አልኩት፣ «የምትለውን እየጻፍኩ።»