ዘይት ያልነካው ምሰሶ

ሠርካዲስን አንድ ተራ ቀን ሦስት መቶ ሰማኒያ ብር ያስወጣታል። ዳቦ፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ የልጇ የማሂ ምሳ ዕቃ፣ የሞባይል ካርድ። ታክሲ የለም፤ ከጌጃ ሰፈር ሜክሲኮ፣ ፎቶ ኮፒ እያነሳች እስከምትሠራበት ሱቅ ድረስ በእግሯ ነው። የተረፈችው ሳንቲም አጣና ትሆናለች። ቤቷንም የሠራችው እንዲሁ ነው፤ አንዱን ዓመት ቋሚ፣ ሌላውን ማገር፣ ከዚያ ጣሪያ፣ ከዚያ ጭቃ። አራት ዓመት ፈጀባት።

ቦታው የሟች እናቷ የወይዘሮ ወለተሰንበት ነው። የድሮው ቤት ሲዘም አፈረሰችው። ከእሱ ያስቀረችው የመሃሉን ምሰሶ ብቻ ነው፤ አዲሱ ቤት መሃል መልሳ አቆመችው። ልጅ ሳለች እናቷ በየእንቁጣጣሹ እዚያ ላይ አስደግፋት፣ ቁመቷን በቢላ ጭራ፣ አጠገቡ ስሟንና ዕድሜዋን ትጽፍበት ነበር።

ምስጥ እንዳይበላባት ብላ፣ ከጋራዥ ለምና በጀሪካን ያመጣችውን የተቃጠለ ዘይት እንጨቱን አንድ በአንድ ቀባችው። ምሰሶው ጋ ስትደርስ ግን እጇ አልታዘዝ አላት። የእናቷ ጽሕፈት ሊጠቁርባት ሆነ። ዘለለችው።

ቤቱ ከገቡ በሦስተኛው ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የማሂን ቦርሳ መስቀያ ልትመታ ሚስማር ምሰሶው ላይ ደገፍ አደረገች። መዶሻውን ገና አላነሳችም። ሚስማሩ በአውራ ጣቷ ግፊት ብቻ እስከ አናቱ ስምጥ አለ። ስትነቅለው ከቀዳዳው እንደ በሶ የደቀቀ ዱቄት ፈሰሰ።

ክው አለች። ቀና ብላ አየች፤ የጣሪያው ክብደት ሁሉ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ዝቅ ብላ አየች፤ ከሥሩ የማሂ ፍራሽ።

«ማሂ፣ ውጪ! አሁኑኑ!»

«ጫማዬን ላድርግ...»

«ተይው ጫማውን!»

ቤቱን የሠሩላት አናጢ፣ ጋሽ ባጫ፣ ሮጣ ስትጠራቸው መጡ። ምሰሶውን በመዶሻቸው ጀርባ ኳ አደረጉት። እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ።

«ሠርኬ፣ ያን ሁሉ ዘይት ስትቀቢ ይሄን ለማን ነው ያስቀረሽው?»

«የእማዬ ጽሑፍ እንዳይጠፋ ብዬ ነው፣ ጋሽ ባጫ።»

«እና ምስጡ አንብቦ የሚያልፍ መሰለሽ? ድግስ ነው እኮ የጠራሽው!»

መሳቅ ፈለገች፤ ዓይኗ ግን የማሂ ፍራሽ ላይ ቀረ። «ሦስት ወር ሙሉ እዚህ ሥር አስተኛኋት» አለች፣ ደግማ ደጋግማ። ጋሽ ባጫ እየዞሩ የቀሩትን አንድ በአንድ አንኳኩ። ዘይት የጠጣው ሁሉ ጠጣር ነው። እሷ ግን አላመነችም፤ መዶሻውን ተቀብላ እንደገና ዞረች።

ጣሪያውን በሁለት ድጋፍ አቁመው ምሰሶውን ነቀሉት። ሲገባ ሦስት ጎረምሳ የተሸከመውን እንጨት ጋሽ ባጫ በአንድ እጃቸው አንስተው ወደ ደጅ ወጡ። ከዱቄቱ ይልቅ ያስደነገጣት ይሄ ነው። ከውጭ አንድም ጭረት አልጠፋም፤ «ሠርካዲስ፣ 7 ዓመት» ይላል፣ ጥርት ብሎ። ውስጡ ግን ምንም የለም።

አዲስ ምሰሶ ገዝታ፣ ምስጥ እንዳይደፍረው ሥሩን በእሳት ለበለበችው፤ ዘይቱንም ሁለት ጊዜ ቀባችው። ሲደርቅ የእናቷን ጭረቶች በሜትር ለክታ፣ በቢላ ገለበጠቻቸው። ከእነሱ ጎን የማሂን ጨመረች።

ይሄን ለምታነቡ አንድ ልመና አላት፦ «የእንጨት ቤት ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ተነሱና ቋሚዎቻችሁን በመዶሻ አንኳኩ። መጀመሪያ ደግሞ ያንን፣ ልትነኩት የሳሳችሁለትን።»