ገለባውን አሳየኝ

የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት የቁልፍ ቀዳዳ ስትሠራ የኖረችውን ሴት የሥራ ባልደረቦቿ «ቋጠሮ» ይሏት ነበር። ስሙ የወጣላት ክር ስለምትቋጥር ብቻ አይደለም፤ ቂምም ስለምትቋጥር ነው። አንድ ጊዜ የፈረቃ አለቃዋ «እጅሽ ዘገየ» ብሎ በሰው ፊት ቢያሾፍባት፣ ሰውዬው ጡረታ እስኪወጣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሥራ ጉዳይ ውጪ አንዲት ቃል ሳትሰጠው ቀረች። በሽኝቱ ቀን እጁን ሲዘረጋላት እንኳን «እጄ ዘገየ» ብላው አለፈች አሉ።

በተራዋ ጡረታ ስትወጣ ከታላቅ ወንድሟ ጋር መኖር ጀመረች። ወንድሟ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር የነበረ፣ ጨዋታ የማያልቅበት፣ ሲስቅ ከነመቀመጫው የሚነቃነቅ ሰው ነበር። ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑንና አንደበቱን ወሰደበት። ከዚያ ወዲህ መስኮት ሥር ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ይውላል። ቋጠሮ ዛሬም እንደ ልጅነቷ «ጋሼ» ነው የምትለው፤ ስታጎርሰውም ጋሼ፣ ስትቆጣውም ጋሼ።

«ነፍስ ያለው ነገር ቢኖረው ይሻለዋል» ብላ አንድ ቀን ገበያው ማዕዘን ላይ ወዳለው የወፍ ሱቅ ሄደች። ባለሱቁ ከንፈሩን አሹሎ ወፎቹን ሁሉ በየድምፃቸው ስለሚጠራ ሰፈሩ «ፉጨት» ይለዋል። ፉጨት ባጂ የሚሏትን፣ ዘሯ ከበቀቀን ሆኖ ቁመቷ ድንቢጥ የምታክል አረንጓዴ ጫጩት አወጣላት። ከግንባሯ እስከ ምንቃሯ ሥር ጥቁር መስመር ተሰምሮባታል፤ ዓይኗ ዙሪያውን ነጭ የሌለው፣ ድፍን ጥቁር ነው።

«ልጅነቷ አልበዛም?» አለች ቋጠሮ።

«ሰው የምትለምደው ልጅ ሆና ነው እናቴ። ደግሞ ይኸው እያት፣ ስትበላ!»

እውነትም ጫጩቷ ዳጉሳው ላይ ጎንበስ ብላ ቆጭ ቆጭ አደረገች። ቋጠሮ አመነች።

ጋሼ ደህናውን እጁን ሲዘረጋ ጫጩቷ ያለ ልመና ጣቱ ላይ ወጣች። ሦስት ቀን ሙሉ ሲተያዩ ዋሉ። የእህል ዕቃዋ አፍ እስከ ገደፉ ሙሉ ነው፤ እሷም ቀኑን ሙሉ እላዩ ላይ ትቆጨቁጫለች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ግን ላባዋን ነፍታ ተኮማተረች፣ ከምሳ በፊትም እዚያው ጋሼ መዳፍ ውስጥ ጭጭ አለች። ጋሼ መዳፉን ልትከፍትበት ብትሞክር እምቢ አለ። የዚያን ዕለት እህል አልቀመሰም። በማግስቱም አልቀመሰም።

ቋጠሮ ጫጩቷን በጨርቅ ጠቅልላ ሱቁ ሄደች። ፉጨት ሦስት ደንበኞች ፊት ጨርቁን ገልጦ አየና ሳቀ።

«አስርበሽ ገድለሽ እኔ ጋ ይዘሽ መጣሽ? ወፍ ማለት እንደ ካፖርት ሰቅለሽ የምትረሺው መሰለሽ? ሂጂ፣ የፕላስቲክ ግዢ!»

ከደንበኞቹ አንዱ አብሮ ሳቀ። ቋጠሮ ጨርቁን መልሳ ጠቀለለች። በሆዷም ቋጠረች።

ከሕንጻቸው ምድር ቤት ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪም ይኖራሉ። በቀጥታ እሳቸው ዘንድ ሄደች። ዶክተሩ መነጽራቸውን አጥብቀው፣ የጫጩቷን ጉሮሮ ሥር ያለውን ትንሽ የእህል ከረጢት በመቀስ ከፈቱት። ባዶ ነው። አንዲት ፍሬ እንኳን የለበትም።

«ስትበላ በዓይኔ አይቻለሁ እኮ ዶክተር!»

«ያየሽው ስትጫወት ነው። ለባጂ መብላት ማለት መፈልፈል ነው። ፍሬዋን በምላሷ ታዞራለች፣ ገለባውን ትጥላለች፣ ልቡን ትውጣለች። ይቺ ገና ከእናቷ አፍ የምትቀበል ሕፃን ነበረች፤ መፈልፈል አልተማረችም። ዕቃዋ ውስጥ ገለባ አየሽ?»

ቋጠሮ አሰበች። አላየችም። ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ገለባ አላየችም።

«እንግዲያው አንቺ አልገደልሻትም» አሉ ዶክተሩ። «ሳትደርስ የሸጣት ነው የገደላት።»

«ይህን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ያስተምሩኛል?»

«ምነው፣ ሌላ ልትገዢ ነው?»

«ያንን ሰውዬ ልገድለው ነው።»

ዶክተሩ መቀሱን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«በወፍ» ብላ ጨመረች ቋጠሮ።

በማግስቱ ሱቁ ተመልሳ የሟቿን እህት ገዛች። ፉጨት «ይቺንም ልትቀብሪያት ነው?» ሲላት፣ «አይ፣ ላሳድጋት ነው» አለችው፤ ፈገግ ብላ። ፈገግታዋን ያየ የፋብሪካ ሰው ቢኖር ኖሮ ሰውዬውን «ሱቅህን ዝጋና ሽሽ» ይለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለቋጠሮ እንደገና ሥራ መግባት ሆነ። ዶክተሩ ባሳዩዋት መሠረት ጫፉ የታጠፈ የሻይ ማንኪያ አዘጋጅታ፣ ለብ ያለ የላመ ገንፎ በየሁለት ሰዓቱ በምንቃሯ ጥግ ትሰጣታለች። ጉሮሮዋ ሥር ያለው ከረጢት እንደ አተር ፍሬ ቀብተት ሲል ታቆማለች። ውሃ ውስጥ አድሮ ጎንቆል ያለ ዳጉሳ በጠፍጣፋ ክዳን ላይ አድርጋ የሽቦ ቤቱ ወለል ላይ ትበትንላታለች፤ የባጂ ዘር ከመሬት ለቅሞ አዳሪ ነውና ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ዕቃ ይልቅ መሬቱን ያምናል። አንድ ነገር ግን አልሆነላትም፤ ጫጩቷ ወደ ክዳኑ አልወርድ አለች።

መላውን ያመጣው ጋሼ ነው። ሰው ሳያዘው፣ በግራ እጁ ጣት ክዳኑን ጠብ ጠብ ማድረግ ጀመረ። ጫጩቷ አንገቷን አዘመመች፤ ወረደች፤ ጣቱ በለቀመበት ለቀመች። ቋጠሮ ለዶክተሩ ስትነግራቸው «እንዴታ! ብቻውን የሚበላ ባጂ የለም። ጓደኛው ሲበላ ሲያይ ነው የሚርበው» አሏት። ጋሼም ከዚያን ቀን ጀምሮ የራሱን ምሳ ከወፏ እኩል መብላት ጀመረ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቋጠሮ ክዳኑን ብርሃን ላይ አውጥታ ስፌት እንደምትመረምር መረመረችው። እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀለለች፣ መሃሏ የተሰነጠቀ፣ አንዲት ገለባ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ያን ጊዜ የተሰማት ደስታ ለወፏ ብቻ ነበር ብትል ውሸት ይሆንባት ነበር። «አሁን ያዝኩህ» አለች ጮክ ብላ፣ ባዶ ወጥ ቤት ውስጥ።

ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ወረቀትና ጉርድ በርጩማ ይዛ የፉጨት ሱቅ በር ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ደንበኛ ሴት ልጁን ያስከተለ አባት ነው።

«ጌታዬ» አለችው፣ «ሳይገዙ በፊት ዕቃውን ያስጠርጉት፤ እህሉን በዚህ ነጭ ወረቀት ላይ ያስበትኑ፤ ሩብ ሰዓት ይጠብቁና "ገለባውን አሳየኝ" ይበሉት።»

«ሴትዮ፣ ከሱቄ ውጪልኝ!» አለ ፉጨት።

«ሱቅህ ውስጥ ማን ገባ? መንገድ ላይ ነኝ።»

አባትየው ነገሩ ገረመውና ጠበቀ። ከሱቁ አሥራ አንድ ወፎች ገለባ የጣሉት አራት ብቻ ነበሩ። ልጅቷ የቀሩትን ጎንበስ ብላ አየቻቸውና «አባዬ፣ እነዚህ እኮ ዝም ብለው ነው የሚስሙት» አለች። አባትና ልጅ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። ቋጠሮ ወረቀቱን አራግፋ ቀጣዩን ደንበኛ ጠበቀች።

በሁለተኛው ቅዳሜ ፉጨት ደጁን በውሃ አጠበ፣ እግሯ ሥር ሆን ብሎ ደፋባት፤ በርጩማዋን አንድ እርምጃ ብቻ ፈቀቅ አደረገች። በአራተኛው «ወፎቼ መቼ ተራቡ? ሙሉ ዕቃ አይደል የምታዪው?» ብሎ ተሟገታት። ዕቃውን ተቀብላ እፍ አለችበት፤ ላይ ላዩን የሞላው ሁሉ ያደጉት ወፎች በልተው የጣሉት ገለባ ሆኖ በነነ፣ ከሥሩ አንዲት ፍሬ አልተገኘም። ደንበኞቹ ሳቁ። ያን ጊዜ የሳቁት በእሱ ነበር። በስድስተኛው ሰዉ የየራሱን ወረቀት ይዞ መምጣት ጀመረ፤ እንዲያውም ሰፈር ውስጥ ግንበኛም ሆነ ልብስ ሰፊ ጉራ ሲነዛ «እስቲ ገለባውን አሳየኝ» የሚል ተረፈ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በሯ ተንኳኳ። ፉጨት ነው፤ ዝናብ የመታው የጫማ ካርቶን ታቅፏል። ውስጡ አምስት ጫጩቶች።

«እትዬ፣ እናታቸው ጥላቸዋለች። ድሮ እንዲህ ሳሉ ነበር የምሸጣቸው፤ አሁን የሚገዛኝ የለም። ማጉረስ ደግሞ አላውቅም። ሌሎች ሁለት ትናንት ሞቱብኝ።»

ቋጠሮ ሁለቱ ሞቱ ሲላት ደስ አላት። ይህን ኋላ ለዶክተሩ ሳትደብቅ ነግራቸዋለች። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ደስታው ከሰመ።

«የኔን ማን ገደላት?»

«እ... እኔ ነኝ።»

«ለኔ አይደለም። ለእሱ ንገረው።»

ፉጨት ወደ መስኮቱ ዞረና ለጋሼ ነገረው። ጋሼ ጥቂት አየውና በደህናው እግሩ በርጩማዋን ወደ እሱ ገፋለት። የቋጠሮ ደም ፈላ። እሷ ሁለት ወር የተቀመጠችባት በርጩማ!

«እንዳትቀመጥ!» አለች። «ማንኪያውን ያዝ።»

እስከ ምሽት ድረስ በየሁለት ሰዓቱ አምስቱንም በገዛ እጁ አጎረሰ፣ ቆሞ። እጁ ሲስት ትመታዋለች፤ ገንፎው ሲቀዘቅዝ ታስደፋዋለች፤ እግሩ ሲዝል ዓይኑ ወደ በርጩማዋ ይሄዳል፣ የእሷን ዓይን ያይና ይመለሳል። ዘጠኝ ቀን ተመላለሰ። ከአምስቱ አራቱ ዳኑ።

ፉጨት አሁን ያልደረሰ ጫጩት አይሸጥም። ባንኮኒው ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፏል። ከቋጠሮ ጋር መታረቁንም ለሰው ያወራ ነበር፤ ወሬው ጆሮዋ እስኪደርስ።

«ማን ታረቀው?» አለች።

ዶክተሩ «ሰውዬው እኮ ተማረ፣ ተዪው እንግዲህ» ሲሏት፣ «ይማር፤ መማር ይጠቅመዋል። የኔን ጉዳይ ግን አልጨረስኩም» አለቻቸው። በር ላይ መቀመጡን ትታ በርጩማዋን ለጎረቤት ሰጠች። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦ ልትገዛ ስታልፍ ሱቁ ትገባለች፤ ሳትናገር ወረቀቱን ታነሳለች፣ ገለባውን ታያለች፣ ትመልሰዋለች። ፉጨት «እንደምን አደሩ እትዬ» ይላታል። እሷ ዳቦዋን ልትገዛ ወጥታለች።